ፖሊስ የዲሲፕሊን ክሱ እስኪሰማ ያለ ደመወዝ ስንት ቀን ሊታገድ ይገባል?

የሆጤዋ (ደሴ)

ሰላም ጀመዓው፣ ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የዲሲፕሊን ክስ የቀረበበት የፖሊስ አባል ጉዳዩ ተሰምቶ እስኪወሰን ድረስ ያለ ደመወዝ ስለሚታገድበት ጊዜ ጣሪያ ነው። አማካሪዬ የሌሎች አገሮችን ሕግ ከእኛው ጋር አነጻጽሬ በመጨረሻ አንድ ረቂቅ ድንጋጌ እንድጽፍ ጠይቀውኛል። ለጊዜው ረቂቄ ይህን ይመስላል፦

«ከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት ፈጽሟል ተብሎ የተጠረጠረ የፖሊስ አባል ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ከሥራና ከደመወዝ ታግዶ ሊቆይ ይችላል። የእገዳው ጊዜ ከ2 ወር አይበልጥም።»

2 ወሩን የወሰድኩት ከፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ነው። ሌላው ዓለም ስንት ቀን ይላል? ቀኑ ካለፈስ ምን ይደረጋል? ቀጠሮ የተጓተተው በራሱ በተከሳሹ ምክንያት ከሆነ ኪሳራው የማን ነው? ረቂቄ ላይ ያያችሁትን ጉድለት ሳትራሩልኝ ንገሩኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ረቂቅሽ ጣሪያውን ያስቀምጥና ጣሪያው ሲሞላ ምን እንደሚሆን ሳይናገር ያልቃል። ዋናው ጉድለቱ ይሄ ነው። ቀኑ 30ም ይሁን 60፣ በማግስቱ ጠዋት የደመወዝ ክፍሉ ባለሙያ ምን እንዲያደርግ ነው የታዘዘው? ካልተጻፈለት አዲስ ደብዳቤ እስኪደርሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ደብዳቤውን የሚጽፈው ደግሞ ያው ያገደው ኃላፊ ነው፤ እሱ ካልቸኮለ በወረቀት 2 ወር የተባለው እገዳ በተግባር ማብቂያ አይኖረውም።

የኒውዮርክ ግዛት የሲቪል ሰርቪስ ሕግ አንቀጽ 75 ጥሩ መነሻ ይሆንሻል። አጭር ስለሆነ ሙሉውን አንብቢው። ክሱ ተሰምቶ እስኪወሰን ሠራተኛውን ያለ ደመወዝ ማገድ የሚቻለው ከ30 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ለኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ አባላት ለብቻው የተጨመረ ንዑስ አንቀጽ አለ፤ እሱም የሚለው 30 ቀን ነው። ልብ በይ፣ 30 ቀኑ ሲሞላ የሚመለሰው ደመወዙ ነው እንጂ የግድ የቀድሞ ሥራው አይደለም። አባሉ ሽጉጡንና የደረት መለያውን እንዳስረከበ ከሕዝብ ጋር በማያገናኝ የቢሮ ሥራ ላይ ሊመደብ ይችላል። ሕዝብን ከተጠርጣሪ ፖሊስ መጠበቅ አንድ ጉዳይ ነው፤ የፖሊሱን ቤተሰብ ቀለብ ማቋረጥ ሌላ ጉዳይ ነው። አንቺ ግን «ከሥራና ከደመወዝ» ብለሽ አንድ ላይ አሰርሻቸዋል። ለያዪያቸው፤ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክንያትና የራሳቸው ጊዜ ይኑራቸው።

ሒደቱም ከጣሪያው ጋር የተያያዘ ነው። ክሱ በጽሑፍ ይሰጠዋል፣ መልስ ለመስጠት ቢያንስ 8 ቀን ያገኛል፣ ጠበቃ ወይም የማኅበር ተወካይ ይዞ ይቀርባል፣ የማስረዳት ሸክሙ በከሳሹ ላይ ነው። ክሱን የሚሰማው የማሰናበት ሥልጣን ያለው አካል ራሱ ነው፣ አለዚያም እሱ በጽሑፍ የወከለው ሰው። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ውክልናው በቃል ብቻ ከሆነ ሰሚው ሥልጣን አልነበረውም ተብሎ ውሳኔው በፍርድ ቤት ይሰረዛል። ምስክር ተሰምቶ፣ ሰነድ ተመርምሮ፣ ወራት አልፈው አንድ ገጽ የውክልና ደብዳቤ ከፋይሉ በመጥፋቱ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል።

ቅጣቶቹ የጽሑፍ ተግሣጽ፣ ከ100 ዶላር የማይበልጥ መቀጮ፣ ከ2 ወር የማይበልጥ ያለ ደመወዝ እገዳ፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግና ማሰናበት ናቸው። ክሱ ከመሰማቱ በፊት ያለ ደመወዝ ያሳለፈው ጊዜ ከቅጣቱ ሊታሰብለት ይችላል። ነጻ ከወጣ ወደ ሥራው ተመልሶ የታገደበት ጊዜ ሙሉ ደመወዙ ይከፈለዋል፤ የሚቀነሰው በዚያ መሃል የተቀበለው የሥራ አጥነት መድን ክፍያ ብቻ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ካልሆነ በቀር ከተፈጸመ 18 ወር ካለፈው ክሱ ሊጀመር አይችልም። ውሳኔው የከፋበት ሰው በ20 ቀን ውስጥ ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑ ይግባኝ ይላል፣ ወይም ፍርድ ቤት ይሄዳል።

አሁን ወደ ቀጠሮው ጥያቄሽ። የኒውዮርክ ፍርድ ቤቶች የያዙት መስመር ግልጽ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ያጓተተውን መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፣ ሠራተኛው ያጓተተውን ሠራተኛው ይሸከማል። በቁጥር እንየው። አባሉ በ1ኛው ቀን ታገደ፤ ውሳኔው የወጣው በ65ኛው ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ያለ ደመወዝ ናቸው። ከቀሩት 35 ቀናት 15ቱ የባከኑት አባሉ ራሱ ተለዋጭ ቀጠሮ ስለጠየቀ ነው እንበል፤ እነሱም አይከፈሉትም። 20ው ቀን ግን ይከፈለዋል። የሚከፈለውም በመጨረሻ ጥፋተኛ ቢባል እንኳ ነው። ይሄ ከ515/1999 ጋር ትልቁ ልዩነት ነው፤ የእኛው አዋጅ በእገዳ የተያዘውን ደመወዝ የሚመልሰው የመሰናበት ቅጣት ካልተወሰነ ብቻ ነው፣ ያውም ያለ ወለድ።

አራዳ_07 (ደሴ)

ቦርከና የጻፈው ትክክል ነው፤ ግን 30 ቀንን እንደ ብቸኛ ሞዴል አትያዢው። ጎረቤቷ ኒው ጀርሲ በሌላ መንገድ ነው የሄደችው። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ማሰናበት ተጠይቆበት ያለ ደመወዝ የታገደ የፖሊስ አባል በ180 ተከታታይ ቀናት ውስጥ የመጨረሻ ውሳኔ ካላገኘ መደበኛ ደመወዙ መከፈል ይጀምራል። የወንጀል ክስ ያለበት ከዚህ ውጭ ነው፤ አባሉ ራሱ የጠየቀው ማራዘሚያም ከ180ው ውስጥ አይቆጠርም። ቁጥሩ ረጅም ነው። ግን ከፊቱ ያሉትን አጫጭር ጊዜዎች አብረሽ ተመልከቺ፤ የውስጥ ደንብ መጣስ ክስ የሚቀርበው ከሳሹ በቂ መረጃ ባገኘ በ45 ቀን ውስጥ ነው፣ ክሱ ለአባሉ ከደረሰ በኋላ ደግሞ መስማት የሚጀምረው ከ10 ቀን ባላነሰና ከ30 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ነው። ያንቺ ረቂቅ ክሱ መቼ ለአባሉ መድረስ እንዳለበት አንድም ቃል የለውም። ሰው በማያውቀው ክስ 2 ወር ሙሉ ታግዶ ሊቀመጥ ነው ማለት ነው።

በእንግሊዝና ዌልስ የ2020 እ.ኤ.አ. የፖሊስ ሥነ ምግባር ደንብ ደመወዙን ጭራሽ አይነካም፤ የታገደ ፖሊስ ይከፈለዋል። ከማገዱ በፊት ወደ ሌላ ምድብ ማዛወር መታየትና የማያዋጣ ሆኖ መገኘት አለበት፣ እገዳውም ቢያንስ በየ4 ሳምንቱ ይገመገማል። መሥሪያ ቤቱ እየከፈለ ስለሆነ የመቸኮል ምክንያት የሚኖረው ለራሱ ነው። ይሄን ነጥብ በጽሑፍሽ ብትሠሪበት ደስ ይለኛል፤ የደመወዙን ወጪ የተሸከመው ወገን ነው ጉዳዩን የሚያፋጥነው።

ለእኛ አገር ሁኔታ ይቀርባል የምለው ግን የሕንድ ነው። የማዕከላዊ መንግሥቱ ሠራተኛ ሲታገድ «መተዳደሪያ አበል» ይከፈለዋል። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በግማሽ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ቢሆን የሚያገኘውን ያህል ነው። ከ3 ወር በኋላ ይገመገማል፤ መጓተቱ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ አበሉ እስከ ራሱ ግማሽ ድረስ ይጨምራል፣ የሠራተኛው ጥፋት ከሆነ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሰው ቢሆን 4,000 ይጀምርና ወደ 6,000 ሊወጣ ወይም ወደ 2,000 ሊወርድ ይችላል። ሠራተኛው በሌላ ሥራ እንዳልተቀጠረ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ማቅረብ አለበት። እገዳው ራሱ 90 ቀን ሳይሞላው በገምጋሚ ኮሚቴ ታይቶ ካልተራዘመ ይወድቃል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የክስ ጽሑፉ በ3 ወር ውስጥ ካልተሰጠ እገዳው ከዚያ ሊያልፍ አይገባም ብሏል።

አበሉ ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው የ1999 እ.ኤ.አ.ን ፍርድ አሳዪው። የአንድ የወርቅ ማዕድን ኩባንያ የጥበቃ ኃላፊ ታገደ፤ አበሉም አልተከፈለውም። ቤቱ ሌላ ክፍለ ግዛት ስለነበር ምርመራው ወደሚካሄድበት ቦታ መሄጃ አጣ፤ በሌለበት ተሰምቶ ተሰናበተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምርመራውን ውድቅ አደረገው። ገንዘቡን ነጥቆ «ና ተከላከል» ማለት የመከላከል መብቱን ራሱን መንጠቅ ነው። ከወረኢሉ ወይም ከቦረና ደሴ ድረስ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የትራንስፖርትና የአልጋ መክፈል ያለበትን ፖሊስ አስቢው።

ኩርኩር

አንድ ነገር ልጨምር። ከእገዳው በፊት አባሉን መስማት ግዴታ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታይቷል። በፔንስልቬንያ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፖሊስ በነሐሴ 26 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ተይዞ ያኔውኑ ያለ ደመወዝ ታገደ። የወንጀል ክሱ በመስከረም 1 ቀረ፤ እገዳው ግን ቀጠለ፣ ኃላፊዎቹ ቁጭ ብለው ያነጋገሩት በመስከረም 18 ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ በገለልተኛ አካል ተይዞ በከባድ ወንጀል የተከሰሰን ፖሊስ አስቀድሞ ሳይሰሙ ማገድ ይቻላል አለ። ክሱ ከቀረ በኋላ በፍጥነት ተሰምቷል ወይ የሚለውን ግን ለታች ፍርድ ቤት መለሰው። ለረቂቅሽ የሚጠቅመው ይሄ ነው፤ የታገደበት ምክንያት ሲጠፋ እገዳው በማግስቱ እንደገና መታየት አለበት።

የሆጤዋ (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ነው ያገኘሁት። ወደ እኛው ቤት ልመለስና፣ 515/1999ን ለፖሊስ መጥቀሴ ራሱ ትክክል ነው? 2 ወሩስ ሲቆጠር ጳጉሜን እንዴት ይሆናል?

ቧንቧ_ውሃ (ደሴ፣ የሰው ሀብት አስተዳደር)

አብሽሪ እህቴ፣ በንጽጽር መጥቀስ ትችያለሽ፤ «በፖሊስ ላይ ተፈጻሚ ነው» ብለሽ ግን አትጻፊ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጁ ከትርጉሙ ጀምሮ የመከላከያ ሠራዊትንና የፌዴራል ፖሊስ አባላትን ያወጣል። የክልል ፖሊስ አባል ደግሞ የሚተዳደረው ክልሉ ለፖሊስ ባወጣው ሕግ ነው። ባለጉዳዮች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የሲቪል ሠራተኛውን አዋጅ ጠቅሰው የተጻፈ አቤቱታ ይዘው ይቀርባሉ፣ መልሱም «አዋጁ አይመለከትህም» የሚል አንድ መስመር ይሆናል፤ በዚያ መሃል የይግባኝ ቀኑ ያልፋል። በተጨማሪ 515/1999 በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 ተሽሯል፤ ከዚያ ወዲህም ሕጉ ተቀይሯል። ጽሑፍሽ ላይ «በ515/1999 የነበረው» ብለሽ ጻፊና አሁን የሚሠራበትን ከነጋሪት ጋዜጣው አይተሽ ጥቀሺ።

ከ515 ሊወሰድ የሚገባው ከ2 ወሩ በላይ የእገዳው ምክንያቶች ናቸው። ሠራተኛው የሚታገደው ማስረጃ በመሰወር ወይም በማጥፋት ምርመራውን ያሰናክላል፣ በመንግሥት ንብረት ላይ ተጨማሪ ጥፋት ያደርሳል፣ የተከሰሰበት ጥፋት ክብደት የሌሎችን ሠራተኞች ሞራል ወይም የተገልጋዩን እምነት ይጎዳል፣ ወይም ጥፋቱ ከሥራ ያስወጣል ተብሎ ሲገመት ነው። እገዳው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል። ብዙ የእገዳ ደብዳቤ ግን «በተጠረጠሩበት ጉዳይ እስኪጣራ» ብሎ ያበቃል። ይሄ ምክንያት አይደለም። ደብዳቤው የትኛው ምክንያት እንደሆነ፣ እገዳው የሚጀምርበትን ቀን፣ ደመወዝ የሚቆምበትን ቀንና ጣሪያው የሚሞላበትን ቀን በቁጥር መያዝ አለበት፤ ግልባጩም ለደመወዝ ክፍል ይሂድ። የሚሞላበት ቀን በደብዳቤው ላይ ከተጻፈ ቦርከና ያነሳው «ማን ያዘዋል» የሚለው ችግር ግማሹ ይቃለላል።

ሌላው ትልቅ መዘግየት የሚመጣው የወንጀል ፍርድ በመጠበቅ ነው። 515 የዲሲፕሊን እርምጃ የፍርድ ቤት ክርክርም ሆነ ውሳኔ ሳይጠበቅ ሊወሰድ እንደሚችል ይናገር ነበር። ኮሚቴው ፋይሉን አጥፎ ዓቃቤ ሕግ ምን እንደሚል ሲጠባበቅ 2 ወሩ ያልቃል።

ወደ ጳጉሜን ልምጣ። ጣሪያው «2 ወር» ከተባለና እገዳው ነሐሴ 1 ከጀመረ፣ አንዱ መስከረም 30 ያበቃል ይላል፣ ሌላው 60 ቀን ቆጥሮ መስከረም 25 ይላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት ደግሞ መስከረም 24። ደመወዛችን የ12 ወር ስለሆነ ለጳጉሜን ለብቻው የሚከፈል የለም። ስለዚህ በቀን ከተቆጠረ አባሉ ከ60ው ቀን ገንዘብ የሚያጣው በ55ቱ ነው። በወር ከተቆጠረ ግን 2 ሙሉ ደመወዝ ያጣል። በ9,000 ብር ደመወዝ ብታሰቢው የቀን ሒሳቡ 300 ብር ነው፤ የመስከረም መጨረሻዎቹ 5 ቀናት 1,500 ብር ልዩነት ያመጣሉ። ረቂቅሽ ላይ በቀን ጻፊው፣ ጳጉሜን መቆጠር አለመቆጠሩንም በግልጽ ተናገሪ።

ውዝፉ ሲከፈል ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛው ጡረታ ነው። ለፖሊስ አባል መዋጮው ከአባሉ 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 25 በመቶ ነው። ደመወዙ ሲቆም መዋጮውም ይቆማል። ውዝፉ በእጅ ተከፍሎ መዋጮው ካልገባ አገልግሎቱ ላይ ክፍተት ይታያል፤ ይሄም ከብዙ ዓመት በኋላ ጡረታ ሲወጣ ነው ብቅ የሚለው። ሁለተኛው ግብር ነው። የሥራ ግብር በየወሩ እያደገ በሚሄድ መጣኔ የሚሰላ ስለሆነ የ2 ወር ውዝፍ ከሦስተኛው ወር ደመወዝ ጋር ተደምሮ ቢሰላ ከፍ ካለው መደብ ይገባል። ሒሳቡ ወር በወር ተለያይቶ እንዲሠራ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሆጤዋ (ደሴ)

እሺ፣ ሁሉንም አይቼ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

«የፖሊስ አባል የቀረበበት የዲሲፕሊን ክስ ተሰምቶ እስኪወሰን ያለ ደመወዝ ሊታገድ የሚችለው ጳጉሜንን ጨምሮ ከ30 ተከታታይ ቀናት ለማይበልጥ ጊዜ ነው። የእገዳው ምክንያትና የሚያበቃበት ቀን በደብዳቤው ላይ ይገለጻል። ዝርዝር ክሱ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልደረሰው የደመወዝ እገዳው ቀሪ ይሆናል። ከ31ኛው ቀን ጀምሮ ሌላ ትእዛዝ ሳያስፈልግ መደበኛ ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ትጥቁን ሳይረከብ በሌላ ሥራ ላይ ሊመደብ ይችላል። አባሉ በጠየቀው ተለዋጭ ቀጠሮ የባከነ ጊዜ አይታሰብም።»

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አሁን መልክ ይዟል። ሦስት ቦታ ብቻ አስተካክይ። «አይታሰብም» ለሁለቱም ወገን ሊተረጎም ይችላል፤ ከ30ው ውስጥ አይቆጠርም ማለት ነው ወይስ አይቀነስበትም? «በ30ው ቀን ላይ ይታከላል» በይው። ቀጥለሽ፣ አባሉ ተለዋጭ ቀጠሮ የጠየቀው መሥሪያ ቤቱ የምስክር ቃል ወይም ሰነድ በጊዜው ስላልሰጠው ከሆነ ያ ጊዜ እንዳይታከልበት ጨምሪ። ካልጨመርሽው መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን ይይዝና አባሉ ቀጠሮ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። በመጨረሻም፣ 30ው ቀን ሲሞላ በዚያው ጥፋት ሌላ የእገዳ ደብዳቤ ጽፎ ቆጠራውን ከ1 መጀመር እንደማይቻል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቢ። አለዚያ ጣሪያው በየወሩ እየታደሰ ይሄዳል።